ቅቤ የጠጣው ምንሽር

በአጎቴ ልቅሶ ላይ ልጁ ምንሽሩን አውጥቶ ከፎቶው ጎን አቆመው። አባቴ ሲሞት አጎቴ የወሰደው ጠመንጃ ነው። የቆየ ቅቤ ሸተተኝ።

ያን ጊዜ ከታቦር ተራራ ሥር በቆሎ ነበረን። ከርከሮ ሲመጣ ከአባቴ ጋር ማሳ የምወርደው እኔ ነበርኩ። አንድ ማለዳ ተኮሰና ሳተ። መቀርቀሪያውን ቢስበው ምንሽሩ ነከሰ፤ ቀለሁን አልተፋም፣ ሌላ ጥይትም አልጎርስ አለ። ከርከሮዎቹ በቆሎውን አጋደሙት።

ቤት ስንገባ አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። «ይቺ ልጅ ተራምዳዋለች። ሴት የተራመደችው መሣሪያ ይነክሳል።»

«አልተራመድኩም፣ ጋሼ።»

«ዝም በይ» አለኝ አባቴ።

እናቴ በዘንግ ተገፍቶ የወጣውን ቀለህ አነሳችና አሸተተችው። «ምንሽር ደግሞ ቅቤ ይጠጣል እንዴ?» አለች።

አጎቴ ጥይቱ እንዲንሸራተት ብሎ ቅቤ ይቀባው እንደነበር፣ ቅቤውም አቧራ ሰብስቦና ተቃጥሎ ቀለሁን እንዳጣበቀው የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። አባቴ ግን ከዚያ ወዲያ ማሳ ይዞኝ አልወረደም።

«እንደ አባት ነበር ለእናንተ፤ ነፍሱን ይማረው» አሉ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ። ድንኳኑ በሙሉ አሜን አለ። እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ።