ለባንያኑ የወሰድኩት አውራ ዶሮ

ከከሚሴ የወጣሁ ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ባሌ ሰይድ ዓደን ወደብ ላይ ሁለት ዓመት በሸክም ሠርቶ መጥቶ አገባኝና፣ አምስት ወር ሳይሞላን ይዞኝ ሊሻገር ተነሣ። በዋዜማው ማታ እናቴ በሶውን፣ በርበሬውን፣ ቅቤውን በቅል ስታሰናዳ አመሸች። ጠዋት የጭነት መኪናው ላይ ስወጣ «ነጋን ገሊ፤ በሰላም ግቢ» አለችኝ። አባቴ ግን «የሴት አገሯ ባሏ ያለበት ነው፤ እንዳታዋርጂን» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ባቲን አለፍን፣ የአፋርን በረሃ አለፍን፣ ከአሰብ በጀልባ ተሳፈርንና ባሕሩ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስወጣኝ። ዓደንን ሳያት፣ ወላሂ፣ ሰው የሚኖርባት አልመሰለኝም። ሣር የለ፣ ጥላ የለ፣ የተቃጠለ ጥቁር ድንጋይ ብቻ። ውሃው እንኳ ጨው ጨው ይላል። የአገሬን የጨፋን ወተት ጠጥቼ አድጌ፣ እዚያ ሻይ ላይ ጠብ የምትደረገዋን ወተት ናት ሲሉኝ ሳቄም እንባዬም መጣ።

የተከራየነው ክፍል የአንድ ባንያን፣ የሕንድ ነጋዴ ነበር። ገና ሳንገባ ደጃፉ ላይ አቆመን። እሱ በዐረብኛ ይናገራል፣ ሰይድ ይነግረኛል።

«ሥጋ አይገባም።»

«እሺ በለው» አልኩ።

«ዓሣም፣ እንቁላልም።»

«እሺ።»

«ሽንኩርትም።»

«ሽንኩርት ደግሞ ምን አደረገው? ነፍስ አለው እንዴ?»

«ዝም በይ አንቺ!» አለኝ ሰይድ።

ባንያኑ ጎንበስ ብሎ ቅሌን አሸተተና «እዚህ ውስጥ ምን ሞቶ ነው?» አለ። የእናቴን ቅቤ! እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

እኔ የመሰለኝ ጾም ነው። ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ላደገ የወሎ ሰው ይህ ግራ አይደለም። እነሱ ሁለት ወር ሥጋም ወተትም ሳይቀምሱ ይሰነብታሉ፣ እኛም ደጃቸው ላይ ሥጋ አንጠብስም። እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትንም እኛ አንበላም። ስለዚህ ፋሲካ ሲሆን አባቴ ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘነበች ጠቦት ከነነፍሱ ይሰዳል፣ በራሳቸው ወግ እንዲያርዱት። ለአረፋ እሷም እንዲሁ ታደርጋለች። ከዚያ በኋላ ማን ይጣላል?

ሰይድን «የዚህ ሰውዬ ጾም መቼ ነው የሚፈታው?» ብለው፣ «እኔ የባንያን ቄስ ነኝ?» ብሎኝ ተኛ።

ያለ ሽንኩርት ምስር ስቀቅል ወራት አለፉ። የባንያኑ ሚስት ደረጃው ላይ ስታገኘኝ አፍንጫዋን ትይዛለች። ሆዴ ሲገፋ ደግሞ ባልየው «የሕፃን ለቅሶ አልፈልግም፤ ሳትወልድ ውጡ» ይል ጀመር። ዓደን ላይ ለወደብ ሸካሚ ክፍል የሚያከራይ በመከራ ነው የሚገኘው። ስምንተኛ ወሬ ገብቷል፤ የት ልወልድ ነው?

አንድ ቀን ቤቱ በመብራት ተንቆጠቆጠ። ደረጃው ሁሉ ኩራዝ፣ ልጆቹ አዲስ ልብስ፣ ሴቶቹ ጣፋጭ ይዘው ከቤት ቤት። «አልሐምዱሊላህ፣ ጾሙ ተፈታ!» አልኩ። ወተት የምትሸጥልኝን ሶማሌ፣ ኸድራን፣ ቀይ አውራ ዶሮ አስመጣኋት። እግሩን አስሬ፣ ጥሩ ነጠላዬን ለብሼ የባንያኑን በር አንኳኳሁ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ባለችኝ ትንሽ ዐረብኛ «ለበዓልዎ ነው» አልኩ። «ማንም አልነካብዎትም። በራስዎ እጅ ይረዱት።»

«እኔ? እኔ ልረደው?»

«ቢላዋ ከሌለዎት አመጣለሁ።»

ሚስቱ ጮኸች። ዶሮውም ደንግጦ ተንፈራገጠና የጣፋጩን ትሪ ገለበጠው። ባንያኑ «በአምላካችን በላክሽሚ ቀን! ነፍስ በማይጠፋበት ደጄ ላይ ደም!» እያለ ግድግዳውን ይዞ ቀረ። ምን ደም? ዶሮው ከእኔ ይበልጥ ደህና ነበር። ሚስቲቱ የቆምኩበትን ድንጋይ እኔ ገና ሳልወርድ ታጥበው ጀመር።

በማግሥቱ ዕቃችን መንገድ ላይ ነበር። ሰይድ «በዶሮ ቤት ታሳጪኝ?» ብሎ በሰው ፊት ሰደበኝ፣ ከዚያ ሊለምን ገባ። ቆይቶ ወጣ።

«ተቀብሎኛል» አለ።

«እሰይ! እንግዲህ ቅሌን አንሣልኝ።»

«እኔን ነው የተቀበለኝ።»

«እኔንስ?»

ቅሌን አንሥቶ ኸድራ ቆርቆሮ ቤት አደረሰኝና ተመለሰ። እዚያው ሴት ልጅ ወለድኩ። ዶሮውን ለአራስነቴ ኸድራ አሳረደችልኝ። ሰይድ መጥቶ ልጁን አላያትም።

በባቲ ነጋዴዎች በኩል ለአባቴ «ወይ አስታርቀኝ፣ ወይ መልሰኝ» ብዬ ላክሁበት። ሽማግሌ ሰበሰበ ሲሉኝ የእናቴን ደጅ አየሁት መስሎኝ ዕቃዬን ማሰር ጀመርኩ። አባቴ በእኔ ፈንታ የወንድሙን ልጅ ዘሀራን ለሰይድ ዳረለት። ሥጋ እንደማታበስልም ለባንያኑ እሱ ራሱ ዋስ ሆነላት።