ወንድሜ የከደነው ቤት

ጎረቤቴ ቤቱን ሊያስመርግ ትናንት ጭቃ አስቦክቶ ነበር። የበሰበሰ የጤፍ ጭድ ሽታ በአጥሩ አልፎ ሲመጣ ሌላው ሰው አፍንጫውን ያዘ፤ እኔ ግን ቆሜ ሳብኩት። የምን ጠረን ነው ብትይኝ ልጄ፣ የራሴ ቤት ጠረን ነው እልሻለሁ።

በጃንሆይ ዘመን ነው፣ እዚሁ ጅጋ አጠገብ። ቡሬ ተድሬ ነበር፤ ከባሌ ጋር አልስማማ ብንል ተፋትቼ ወደ አባቴ ግቢ ተመለስኩ። ገና ለጋ ነበርኩ። ያን ጊዜ የፈት ሴት መንገዷ አንድ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ገብታ ጠላ መሸጥ። ታላቅ ወንድሜም ይኼንኑ አለ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እጮኛ ነበረችውና ከአባቴ ቤት ጎን ያለችውን ቦታ ለራሱ አስቧት ነበር። ወንድ ልጅ ሲያገባ ከአባቱ ግቢ ጎጆ መቀለስ ወግ ነው። ለፈት ሴት ልጅ ግን ማን ቀልሶ ያውቃል?

ያለቀስኩት ከተማውን ፈርቼ አልነበረም። ርስት ሴቷም እንደ ወንዱ በምትወርስበት አገር እንደ እንግዳ መሸኘቴ ነው ያንገበገበኝ።

አባቴ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። አንድ ጠዋት ለወንድሜ ጎጆ ብለው ያስቀመጡትን የወይራ ምሰሶ ጎትተው አወጡና ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። ወንድሜ ሰው ምን ይለናል ብሎ ቢጠይቃቸው ቀና እንኳ አላሉም።

"ሁለታችሁንም የወለድኩ እኔ ነኝ። ይኼ አጥር ሁለት ጎጆ አልችል ካለ አጥሩን እገፋዋለሁ" አሉት።

ደቦ በተጠራበት ቀን ወንድሜ አኩርፎ ጅጋ ገበያ ሄደ። ሳር ክዳን እንደሱ የሚችል ደግሞ ባገሩ አልነበረም። ሰዉ እየዘፈነ ግድግዳውን አቆመ፣ እኛ ሴቶች መረግን፤ ጣራው ግን እንደነገሩ ጣል ጣል ተደረገ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንድሜ ገባ። ቆሞ ጣራውን አየ፣ አየ። ሊሳደብ ነው ብዬ በጭቃ እጄ ፊቴን ሸፈንኩ። እሱ ኩታውን አውልቆ ሽቅብ ወጣና የተከደነውን ሁሉ እየነቀለ ወደ መሬት ጣለው።

"ለአንቺ ብዬ አይደለም" አለኝ ከላይ ሆኖ። "ነገ ሰው ይኼን ጣል ጣል የኔ እጅ ሥራ ነው እንዳይል ነው። በይ ሳሩን አቀብዪኝ።"

አቀበልኩት። በማግስቱም ስናቀባበል ዋልን። ሲጨርስ ክዳኑ የተበጠረ ጸጉር መሰለ።

በዚያ ቤት የርስት ድርሻዬን በእኩል እያሳረስኩ፣ ጎተራዬን እየሞላሁ፣ የማንም ሸክም ሳልሆን ኖርኩ። እሱም ሲያገባ ከጎኔ ሠራ፤ አባቴም እንዳሉት አጥሩን ገፉት። ኋላ ሌላውም አባት ለፈት ልጁ ሲቀልስ አየሁ። ኩራቴ እስከ ዛሬ አልበረደም።

ወንድሜ ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። ግን ክረምት ሲገባ፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲወርድ፣ በስብሶ ይመጣና ከበሬ ይቆማል። እኔን አያይም፤ ጣራውን ነው የሚያይ።

"ያፈሳል?"

"አያፈስም፣ ወንድም ጋሼ።"

ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይመለሳል።

እሱ ካረፈ ቆየ። ቤቱም ቆርቆሮ ለብሷል፤ ዝናብ ሲመታው ጆሮ ያደነቁራል እንጂ ጠብ አይልም። እኔ ግን የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አሁንም በሬን ከፍቼ እቆያለሁ።