ደወል የሆነው ፕሮፔለር

ሥራ በገባሁ ቀን ሥራ አስኪያጃችን ይልማ አንድ የድሮ ተዋጊ አውሮፕላን በኮምፒዩተር አሳየኝና ፕሮፔለሩን አሽከርክሪው አለኝ። አሽከረከርኩት። ምላጮቹ የተጠመዘዙት ወደ አንድ ወገን፣ የሚዞሩት ደግሞ በተቃራኒው ነበር። እንዲህ ያለ አውሮፕላን መነሣቱ ቀርቶ የኋሊት ነው የሚሄደው። ይህንኑ ብነግረው፣ ሲሽከረከር ማን ያየዋል ብሎኝ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ቢሯችን መቱ ውስጥ፣ ከአንድ የልብስ ሱቅ በላይ ያለች ሁለት ክፍል ነበረች። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው በኮምፒዩተር የሚያበርሯቸውን የጥንት ተዋጊ አውሮፕላኖች እንሠራለን። የሰፈሬ ባጃጅ ነጂዎች «አውሮፕላን ሠሪዋ» ይሉኝ ነበር። አንዱማ ጎሬ መቼ ነው የምታደርሺኝ እያለ ጠዋት ጠዋት መንገድ ይዘጋብኛል።

በመሥሪያ ቤታችን ጀማሪ ቀለም ይቀባል፤ መካከለኛው ክንፍና አካል ይሠራል፤ ሞተርና ፕሮፔለር የሚሰጠው ለከፍተኛ ሞዴል ሠሪ ነው። እዚያ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ስደርስ ያወቅሁት፣ ይልማ የአውሮፕላንን ጥራት የሚመዝነው ላዩ ላይ በተቀባው ዝገት መሆኑን ነው። ዝገቱ ካማረለት ሞተሩ በውሃ ይሂድ በጠላ ግድ የለውም። ገዢዎቹም ከእሱ አይሻሉም። የወንበሩ ቆዳ ስፌት ቀለሙ ተሳስቷል ብለው ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ፤ ሞተሩ ለምን አይግልም ብሎ የጠየቀ ግን አንድም አላጋጠመኝም።

አንድ ጊዜ አዲስ ሥራ መጣ። አውሮፕላኑ በጣልያን ጊዜ ይበር ከነበረው ዓይነት ነው። የሞተሩ መመሪያ ነበረን፤ የፕሮፔለሩ ንድፍ ግን አልነበረንም። የፕሮፔለር ምላጭ ከሥሩ ቀጥ ብሎ ይጀምርና ወደ ጫፉ እየተኛ ይሄዳል። ያ ጥምዘዛ ካልታወቀ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚደክም፣ አውሮፕላኑ ሲነሣ ወደየት እንደሚጎትት አይታወቅም። ይልማ ፎቶ አጉሊና ከዚያ ላይ ለኪ አለኝ። ጥምዘዛን ከፎቶ መለካት ወጡን በክዳኑ እንደመቅመስ ነው።

የድምፅ ባለሙያችን ሙና፣ ቡና ነጋዴ አባቷ ወደ ዳሪሙ ወረዳ ሲመላለስ በአንድ ትምህርት ቤት የአውሮፕላን ብረት እንደ ደወል ሲደወል ማየቱን ነገረችኝ። በሚኒባስ፣ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። እውነትም አንድ የፕሮፔለር ምላጭ ከዋንዛ ዛፍ ላይ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌዎች በጣልያን ጊዜ ጫካ ውስጥ ከወደቀ አውሮፕላን የመጣ ነው ይላሉ። ጫፉ በመዶሻ ብዛት ተጨረማምቷል፤ የቀረው አካሉ ግን ደህና ነው። ሥሩ ላይ የተመታው ቁጥር በሞተሩ መመሪያ ላይ ከተጻፈው የፕሮፔለር ቁጥር ጋር ገጠመ። ጮክ ብዬ ደግሜ አነበብኩት።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ገመቹ፣ ለሥራ ብቻ እንደምለካው ስነግራቸው ፈቀዱልኝ። ካርቶን እየቆረጥኩ ከምላጩ ቅርጽ ጋር እያስተካከልኩ፣ ከሥር እስከ ጫፍ በማዕዘን መለኪያ ለካሁ። በመሐል ይቅርታ ጠይቀው ፈቀቅ አደረጉኝና ደወሉት። ወንዝ ማዶ ያሉት የከሰዓት ተማሪዎች ከቤታቸው የሚነሡት ይህን ሰምተው እንደሆነ ነገሩኝ።

መቱ ተመልሼ ልኬቱን አስገባሁ። ሞተሩን ሙሉ ጉልበት ስሰጠው አውሮፕላኑ ልክ እንደሚባለው አፍንጫውን ወደ ግራ ጎተተ፣ ዙሩም በመመሪያው ቁጥር ላይ ረጋ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሞተርና ፕሮፔለር እንዲያ ሲስማሙ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ይልማ ከየት አመጣሽው ሲለኝ የት እንዳገኘሁት ነገርኩት።

ይልማ አዲስ አበባ ላይ ኤግዚቢሽን ነበረው። ምላጩን መብራት ሥር አቁሞ ፎቶ መነሣት አማረው። በሚቀጥለው ሳምንት ፒካፕ ተከራይቶ፣ ሁለት የቀን ሠራተኞችና አንድ ካርቶን ጭኖ፣ እኔንም መንገድ መሪ አድርጎ ዳሪሙ ገባን። ካርቶኑ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ደወል ነው፤ ምትክ መሆኑ ነው። ትምህርት ቤቱ መብራት የለውም።

አቶ ገመቹ ደወሉን አገላብጠው አዩና የት እንደሚሰካ ጠየቁ። ይልማ መብራት ሲገባ አላቸው።

«እስኪገባስ ኢጆሌን ማን ይጥራ? ወንዝ ማዶ ያሉትን ልጆች እርስዎ ይጠሩልኛል?»

ይልማ ስለ ታሪክና ስለ ቅርስ ተናገረ፤ ከላይ አስፈቅጃለሁም አለ። የቀን ሠራተኞቹ ሽቦውን መፍታት ጀመሩ። አቶ ገመቹ ከእሱ ጋር መነጋገሩን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ለሥራ ብቻ ነው ብለሽኝ ነበር።»

ፊቴ ነደደ። ይህን ሰው ወደ ዛፉ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

«አቶ ይልማ» አልኩት፣ «ተሳስቻለሁ። ይሄ የተዋጊ አይደለም። የአንበጣ መርጫ አውሮፕላን ነው።»

ቁጥሩ ገጥሟል ብለሽኝ አልነበር ወይ አለ። አሁን ደግሜ ሳየው አልገጠመም አልኩት። ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ራሱ አየ። ሞተር እንደሚያየው አየው፤ ማለትም ምንም አላየም። ከአንበጣ መርጫ ጋር ፎቶ የሚነሣ ሰው አይደለምና ሠራተኞቹን ተዉት አላቸው። የኤሌክትሪክ ደወሉንም ይዞት ተመለሰ። አቶ ገመቹ የላላውን ሽቦ አጠበቁና ሰዓታቸውን አይተው ደወሉት።

ቢሮ እንደገባን ይልማ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። የአንበጣ መርጫውን ልኬት ከተዋጊ አውሮፕላኔ ላይ አጥፊልኝ አለ። እውነቱን ብነግረው ፒካፑ በማግስቱ ዳሪሙ ነው። እሱ እያየ አጠፋሁት። ከዚያ ፎቶ አጉልቼ እንደ ጣሪያ ማራገቢያ የተኛ ፕሮፔለር ሠራሁ። ሞተሩ ከልክ በላይ ዞረ፤ ስለዚህ ያልተበላሸውን ሞተር ደግሞ ከተበላሸው ፕሮፔለር እንዲስማማ አበላሸሁት።

በዚያ ሥራ ጎበዝ ፕሮፔለር ሠሪ ተብዬ ስሜ ወጣ። አንድ ገዢ ዕድሜውን ሙሉ ከአውሮፕላን ጋር መኖሩን ጠቅሶ፣ እንዲህ እውነተኛ ፕሮፔለር አይቼ አላውቅም ብሎ ጻፈ። ይልማ አሳትሞ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ሌሎቹ ዝገቱን አመሰገኑ።

በዚህ ሙያ ለምትከተሉኝ የምለው ይህን ብቻ ነው። ልኬቱን ለአለቃችሁ ስጡት፤ የለካችሁበትን ቦታ አትንገሩት።