ግማሽ ዋጋ ለቤተሰብ፣ ሙሉ ዋጋ ለእኔ

ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል፤ ከዚራ

ድሬዳዋ ላይ መንገድ የሚጀመረው ፀሐይ ሳትነቃ ነው። እሷ ከነቃች በኋላ የሚነሳ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ የሚያደርገውን አያውቅም። እኔ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ብኖርም ይህቺን አልረሳሁም። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ከዚራ ነው። ይህን ዓምድ የምታነቡ ሰዎች ደግሞ ስለ ድሬ ስንቴ እንዳንዛዛሁ ታውቃላችሁ። «ድሬ ላይ ጎረቤት የሚባል የለም፤ ሁሉም ቤተሰብ ነው» ብዬ የጻፍኩት ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሆናል። ሰው ሲወደው ጊዜ እኔም ደጋገምኩት።

የተከራየናት የሙክታር ሚኒባስ በራችን ላይ ቆማለች። የምንሄደው ከዋሂል አለፍ ብሎ ወደተከፈተ አዲስ የድንኳን ማረፊያ ነው። ስሙን አልነግራችሁም፤ በነፃ ማስታወቂያ አልሠራለትም። ስልኬ ላይ የመጣው ማስታወቂያ «ለቤተሰብ 50% ቅናሽ» ይላል። ሙሉ ዋጋው በሰው 1,200 ብር ነው፤ ድንኳን፣ እራትና ቁርስ ጨምሮ። ደውዬም አጣርቻለሁ።

«ቤተሰብ ማለት ስንት ሰው ነው?»

«እስከ ስድስት ሰው፣ ጌታዬ።»

ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል? እኛ አራት ነን። አንደኛዋ አዴ ሩቂያ ናት። «አዴ» በእኛ ሰፈር እናት ማለት ነው። ሰባ ዓመት አልፏታል። ነፍሱን ይማርና ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሐዲድ ሲጠግን በረሃ ላይ ድንኳን ውስጥ እያደረ ይመጣና የሰማዩን ነገር ያወራላት ነበር። እሷ ግን አንድም ቀን ድንኳን ውስጥ አድራ አታውቅም። የዘንድሮ ምኞቷ ይሄ ነው። ሁለተኛዋ ልጇ ነኢማ ናት፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራለች፣ በስንት ልመና ፈቃድ አግኝታለች። ሦስተኛው መካኒኩ ተክሌ ነው፤ አንድ ግቢ ነው ያደግነው። ሦስት በር፣ አንድ ቧንቧ። እናቴ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራ ስለነበር እኔ የበላሁትም፣ የታጠብኩትም፣ የተገረፍኩትም አዴ ሩቂያ ቤት ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ድሬ ስመጣ ሌላ ማረፊያ የለኝም።

12 ሰዓት ከሩብ፤ ከፊራ ገበያ

ማንጎ፣ ሙዝ፣ ትኩስ ሳምቡሳ። ሳምቡሳው ወረቀቱን በዘይት አርሶታል። አዴ ሩቂያ ማንጎ ሻጯን በኦሮምኛ ጀምራ በሶማልኛ ተከራክራ በአማርኛ ጨረሰቻት። በዋጋው ከተስማሙ በኋላ ደግሞ ለምርቃት ሁለት ፍሬ ራሷ አንስታ ጨመረች። ሻጯ ፌስታሉን ከፈተችላት፤ ደንቡ ነውና።

«አዴ፣ የምንሄድበትኮ ሳትከራከሪ ግማሽ ዋጋ ነው» አልኳት ለማስደሰት።

«ሳልጠይቅ ከቀነሱልኝ መጀመሪያ የጠሩት ዋጋ ውሸት ነበር ማለት ነው» አለችና መኪና ውስጥ ገባች።

2 ሰዓት፤ ዋሂል

መንገዱ አስፋልት ይጀምርና ሐሳቡን ይቀይራል። ከዚያ ኮረት፣ አቧራ፣ የደረቀ አሸዋማ ወንዝ፣ ቁልቋል፣ መንገድ የማይለቁ ፍየሎች። ሙክታር ፍየሎቹን ሁሉ «ዋርያ!» እያለ ይጠራል፤ ሰውንም እንደዚያው። ዋሂል ላይ ለሻይ ወረድን። ሻይ አሥራ አምስት ብር፤ ፈጢራው ከማር ጋር፣ ዋጋውን የከፈለው ሙክታር ነው። ሹፌር ተሳፋሪ ሲጋብዝ ሌላ ቦታ አላየሁም።

«አቦ እኔም ድንኳን አድሬ አላውቅም» አለ ሙክታር።

«ታዲያ ከእኛ ጋር እደር» አለችው አዴ ሩቂያ። ከተዋወቁ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗቸዋል።

3 ሰዓት፤ ባንኮኒው ፊት

የማረፊያው ቦታ ያምራል፤ ሐቁን መናገር አለብኝ። ግራሮቹ ሥር ነጫጭ ድንኳኖች፣ በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች፣ በር ላይ «እንኳን ወደ ፍቅር አገር መጡ» የሚል ሰሌዳ። ከሰሌዳው ሥር በትንሽ ፊደል «መታወቂያ ያዘጋጁ»።

ባንኮኒው ጀርባ ደረቱ ላይ «የእንግዳ ግንኙነት ኃላፊ» የሚል ባጅ የለጠፈ ወጣት ቆሟል። ከእኛ በፊት ከአንድ ሰፈር የመጡ አሥራ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ቤተሰብ እስከ ስድስት መሆኑን ሲሰሙ አለቃቸው አልተጨነቀም፤ እዚያው ቆሞ ሰዎቹን ለሦስት ቤተሰብ ማከፋፈል ጀመረ፤ «አንተ የእኔ ልጅ ሁን፤ አንቺ ወደዚያ እለፊ፣ እናት አንሷቸዋል።» ከጎናቸው አዲስ ሙሽሮች ነበሩ። ልጅ ስለሌላቸው ቤተሰብ አይባሉም ተብለዋል።

«ጫጉላ ላይኮ ነን» አለ ባል።

«ቅናሹ በሚቀጥለው ዓመትም ይኖራል» አለው ኃላፊው፣ በቅንነት።

እነሱ ገና ሲከፋፈሉ የእኛ ተራ ደረሰ። መታወቂያዎቻችንን ደረደራቸው፤ ሩቂያ ዩሱፍ፣ ነኢማ አህመድ፣ ተክሌ ወርቁ፣ ሳሙኤል ደምሴ። ደጋግሞ አያቸው።

«ይቅርታ፣ የሚገናኝ ስም የለም። በደንባችን የቤተሰብ አባላት የጋራ ስም ሊኖራቸው ይገባል።»

«እኔ ልጇ ነኝ» አለች ነኢማ።

«ስማችሁ ግን አይገናኝም።»

«እኔ በአባቴ ስም፣ እሷ በአባቷ ስም ነዋ የምንጠራው! አንተ ከእናትህ ጋር ስም ትጋራለህ?»

ልጁ አሰበ። አለመጋራቱን እዚያው ቆሞ ያወቀው ይመስለኛል። ደንቡን የጻፈው ሰው ቤት ሙሉ ሰው በአንድ ስም የሚጠራበት አገር ደርሶ የተመለሰ መሆን አለበት። በዚህ ደንብ ኢትዮጵያ ውስጥ ከባሏም ከልጇም ጋር ቤተሰብ የምትሆን ሴት አትገኝም።

በመጨረሻ ለነኢማና ለእናቷ «መልካችሁ ይመሳሰላል» ብሎ ፈቀደ። ለእኔና ለተክሌ ግን ቅጽ ገፋልን። «ጋሼ፣ ዝምድናውን እዚህ ይሙሉ። ጎረቤት ካላችሁ ሁላችሁንም በቡድን አደርጋችኋለሁ፤ ሃያ በመቶ ይቀነስላችኋል።»

ተክሌ ጆሮዬ ሥር መጣ። «እናት ብለህ ጻፍና እንግባ። ማን ይጠይቅሃል?»

ፀሐይዋ ከአሁኑ ታቃጥላለች፤ ከኋላዬ ሰልፉ ይንጫጫል። «አይ፣ ውሸት ይሆናል» አልኩት። «እኔ ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ነገ ቢነሳብኝስ?» ጻፍኩ። ኃላፊው ቅጹን ተቀብሎ፣ ደንብ ነው መሰለኝ፣ ጮክ ብሎ አነበበው፤ «ወይዘሮ ሩቂያ ዩሱፍ፤ ጎረቤት።»

አዴ ሩቂያ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ተነሳች።

«ማነው ያለው?»

«ለቅጹ ነው አዴ፤ ለቅጹ ብቻ።»

«ውሸት ይሆናል ስትል ሰምቼሃለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው።» ቀርባ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ትምህርት ቤት ወላጅ አምጣ ሲሉህ ማንን ይዘህ ትሄድ ነበር?»

«አንቺን።»

«ስንት ጊዜ?»

«ብዙ ጊዜ።»

«ዳይሬክተሩ ስምሽ ከስሙ አይገናኝም ብሎኝ ያውቃል?»

አፈርኩ። አሥራ ስድስቱም ሰዎች ዞረው ያዩኛል። እሷ ወደ ኃላፊው ዞረች።

«ጻፍ፣ ልጄ። ነኢማ ልጄ ናት። ተክሌ ልጄ ነው። ያ ቁልፍ የያዘው ሙክታር፣ እሱም ልጄ ነው።»

«እሺ እማማ። እኚህስ?»

«እሱን አላውቀውም። ጎረቤት ነኝ ይላል።»

አሥራ ስድስቱ ሳቁ፤ ሙሽሮቹም ሳቁ። ኃላፊው ላብ አጥምቆታል፤ ከእሷ ጋር የሚሟገትበት ደንብ አላገኘም መሰለኝ፣ ለአራቱ ግማሽ ዋጋ ጻፈ። እኔ ሙሉውን 1,200 ከፈልኩ። የሃያ በመቶውን ነገር ስጠይቀው «ቡድን ለመሆን ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል» አለኝ።

10 ሰዓት፤ ግራሩ ሥር

የቤተሰብ ድንኳን ለቤተሰብ ብቻ ስለሆነ እኔ ጄኔሬተሩ አጠገብ ያለችው የአንድ ሰው ድንኳን ደረሰችኝ። ዋናው ቅጣት ግን ገና ነበር። አዴ ሩቂያ አልተቆጣችም፣ አላኮረፈችም። እንግዳ አደረገችኝ።

ይዛው የመጣችውን ሩዝ ስታወጣ «እንግዳ ይቅደም» ብላ መጀመሪያ ለእኔ፣ የሥጋውንም ምርጥ ምርጡን ለእኔ አደረገች። ውሃ ላመጣ ብነሳ «ኧረ ተቀመጥ፣ አንተማ እንግዳ ነህ» ተባልኩ። ተክሌን ግን ማንጎ ቁረጥ፣ እጅህን ሳትታጠብ እንዳትነካ፣ ትራሱን አምጣ፣ ይሄን አይደለም ደንቆሮ ያንን፣ እያለች ስታሯሩጠው ዋለች። ሙክታር እንኳ ሁለት ጊዜ ተሰድቧል። ቀናሁባቸው። በሕይወቴ በስድብ የቀናሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ያ ዓምድህ ላይ ጎረቤት የለም ያልከው የት ሰፈር ነው?» አለኝ ተክሌ፣ ትራሱን ታቅፎ ሲያልፍ።

እሑድ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

አዴ ሩቂያ ሰማዩን አይታ አድራለች፤ ነኢማ ናት የነገረችኝ፣ ለእኔ አላወራችም። ቁርስ ሳልበላ ባንኮኒው ጋ ሄድኩ።

«ቅጹ ላይ አንድ ቃል ማስተካከል እፈልጋለሁ።»

«ለቅናሽ ከሆነ ጊዜው አልፏል፣ ጋሼ።»

«ቅናሽ አልፈልግም። ‹ጎረቤት› የሚለውን ሰርዝና ‹እናት› በልልኝ።»

ኮምፒዩተሩን ነካካ። «ዋጋው ካልተለወጠ ሲስተሙ አይቀበልም» አለኝ። እሱም አዘነልኝ።

እሑድ፣ 4 ሰዓት ተኩል፤ ከዚራ

ሙክታር አወረደንና ሂሳቡን ተቀብሎ፣ የአዴ ሩቂያን እጅ ስሞ ሄደ። እሷ በሩን ከፍታ «ግባ፤ እንግዳ በር ላይ አይቆምም» አለችኝ። ሳሎን አስቀመጠችኝ። ነኢማ በትሪ ለስላሳ አመጣችልኝ፤ ጠርሙሱ ሥር ሶፍት አለው። እዚያ ቤት ከቧንቧ በእጄ እየተቀበልኩ ውሃ ስጠጣ ነው ያደግኩት።

ትሪውን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። አዴ ሩቂያ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዕቃ ስትለይ ነበር። ትናንት ሩዙን ያሞቅንበት ድስት ሥሩ ጠቁሮ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«አዴ፣ ትናንት ዋሽቻለሁ» አልኳት። «ውሸቱ ጎረቤት ያልኩት ነው።»

ዕቃ መለየቷን ቀጠለች። እጅጌዬን ሰበሰብኩና ድስቱን አንስቼ መፈተግ ጀመርኩ። ውጣም አላለችኝ፣ እንግዳ ነህም አላለችኝ። ስጨርስ እጇን ዘረጋች፤ ሰጠኋት። ገልብጣ አየችው።

«ይሄን ማጠብ ትለዋለህ? ያቺ አዲስ አበባ አሰነፈችህ። ሥሩን ድገመው» አለች።

ደገምኩት።