ገበያው ሳይበተን

ባለፈው ሳምንት ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ይሠራበት ከነበረው ሬዲዮ ተደወለልኝ። በአርባው ቀን የሚነበብ፣ ስለ እሱ አጭር ታሪክ እንድጽፍ ጠየቁኝ። እሺ አልኩ። ጀመርኩት። መጨረሻው ላይ ግን እጄ ቆመ።

መጨረሻ መጻፍ ያስተማረኝ እሱ ነው። አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ማንጎ የሚረግፍበት፣ ከአሶሳ ባምባሲ ድረስ መንገዱ በጣፋጭ ሽታ የሚታፈንበት ወቅት ነበር። ለትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ እማ ሐዋ ስለሚባሉ ማንጎ ሻጭ ጻፍኩ። «ስለዚህ ሁላችንም ለአምራቾቻችን ገበያ እናፈላልግ» ብዬ ዘጋሁት። ኮርቼበት ነበር።

ሰይድ አነበበና የመጨረሻውን አንቀጽ በእስክሪብቶ ሰረዘው።

«ይሄ የስብሰባ መዝጊያ ነው። ያልተሸጠውን ማንጎ ምን አደረጉት?»

«አላየሁም። መኪና እንዳያመልጠኝ ቀድሜ ወጣሁ።»

«አንተ ወጣህ እንጂ ታሪኩ መቼ አለቀ?»

በሚቀጥለው ገበያ በሞተሩ ይዞኝ ሄደ። እማ ሐዋ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ሳቁ። ቤታቸው የሚናገሩት የበርታ ቋንቋ ነው፤ አማርኛቸው አጭር አጭር ነው።

«ጋዜጠኛው መጣ! ባለፈው ማንጎ በላ፣ ሮጠ!»

ሰይድ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ገበያው እስኪበተን ተቀመጥን። ሰለቸኝ፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። በኋላ እማ ሐዋ ከተረፈው ማንጎ ደህና ደህናውን መርጠው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ደረደሩና ቅርጫታቸውን አንስተው ተነሱ።

«ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ቤት ዛፍ አለ። መንገደኛ ዛፍ የለም።»

ሰይድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እዚህ ጋ አቁም። ምንም እንዳትጨምር» አለኝ።

ስለ እሱ ስጽፍ የቆምኩትም ለዚህ ነው። ሆስፒታል በተኛበት በመጨረሻው ቀን፣ ልብስ ላመጣለት ወደ ቤት ሄጄ ነበር። ስመለስ አልደረስኩበትም። አሁንም ቀድሜ ወጥቻለሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት መዝጊያ «ሰይድ ሁልጊዜም በልባችን ይኖራል» የሚል ነበር። ሰረዝኩት። እንዲህ ያለ ቃል ቶሎ የሚመጣልን ያላየነውን ለመሸፈን ይመስለኛል።

ትናንት፣ አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ ተኝተው የነበሩትን አባት ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። መጨረሻ ላይ ምን አለ?

«ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ሰማ» አሉኝ። «‹ወንድሜ ጃኬት አልያዘም› አለና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።»

ጽሑፉን እዚያ ጋ አቆምኩት።