የቀይዋ መኪና ልብስ

ታላቅ ወንድሜ አባታችን ትቶልን ያለፈውን የጭነት መኪና ሸጦ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ከመሬት እምብዛም ያልተነሳች ቀይ የስፖርት መኪና ከአዲስ አበባ ይዞ የገባ ቀን እናቴ ከቤት አልወጣችም። ደርግ ሥልጣን ሊይዝ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። እንጅባራን ያኔ ብዙ ሰው ኮሶበር ይላት ነበር፤ መንገዷ ጠጠር፣ ክረምቷ ጭቃ፣ ሰዉ ደግሞ ለፌዝ የማይሰንፍ። አንዱ ጎረቤት መኪናዋን ዞሮ አይቶ፣ ይቺ ሆዷን እየሳበች ነው እንዴ የምትሄደው አለ። እናቴ ከውስጥ ሆና የጠየቀችው ስንት ኩንታል እንደምትጭን ብቻ ነው። ጋሼ ሳቀ፤ ታላቅ ወንድሜን የምጠራው ጋሼ እያልኩ ነበር። እሷ አልሳቀችም።

ጋሼ ከልጅነቱ መሪ ይዞ ያደገ ሰው ስለነበር ለሞተሩ አይጨነቅም። እንቅልፍ የሚነሳው ቀለሙ ነበር። ሻጮቹ የሰጡትን አንድ ቆርቆሮ የመኪና ሰም በለስላሳ ጨርቅ እየቀባ፣ በሌላ ጨርቅ እየወለወለ ጨረሰው። ሰሙ ሲያልቅ ምክር መሰብሰብ ጀመረ። ዳንግላ ያለ አንድ መካኒክ ስስ ግራሶ ቀባት አለው፤ አቧራውን ሁሉ ትሰበስባለች ብሎ ተወው። ላስቲክ አልብሳት ያለውም ነበር፤ ላስቲክ ከሥሩ ላብ እያጠራቀመ ቀለሙን ያሳብጠዋል አለ። ሸራ ደግሞ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ከሥሩ የገባው አቧራ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃታል። እኔ ተማሪ ነበርኩ። ለእኔ ጫማ ሲገዛ እንዲህ ያለ ምክክር ተደርጎ አያውቅም።

በሦስተኛው ዓመት የእናት አገር ጥሪ መጣ። ሾፌር በጣም ይፈለግ ነበርና ጋሼ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተጠራ። የሚሄድ ዕለት ጠዋት መኪናዋን አንድ ጊዜ ወለወላትና ጨርቁን አጥፎ ለእናቴ ሰጣት።

«እማዬ፣ ቀለሟን አደራ» አላት። «ሞተር ቢበላሽ ይሠራል። የፋብሪካ ቀለም ግን አንዴ ከሄደ አይመለስም።»

እናቴ አንተ ብቻ ተመለስ እንጂ እኔ አለሁላት አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናዋን በክፉ ዓይን ማየት ተወች። በአፏ ባትናገረውም በልቧ ያለውን አውቅ ነበር፤ ቀለሙ እንዳለ ከቆየ ልጇም እንዳለ ይመጣል። ልጅነትም ይሁን ናፍቆት፣ እኔም ቀስ በቀስ ይህንኑ አመንኩ።

እንግዲህ ምርጫው የእኛ ሆነ። የማር ሰም በአገራችን ሞልቷል። እናቴ ጧፍ የሚያበጁትን ሴቶች ጠይቃ ሰሙን አቀለጠች፣ ነጭ ጋዝ ጠብ አደረገችበት፣ መጀመሪያም ማንም በማያየው ቦታ፣ በዕቃ መጫኛው ክዳን ውስጥ በኩል ሞከረችው። አበራ። ደስ ብሏት መኪናዋን ከአናት እስከ እግር ቀባቻት። በማግስቱ ፀሐይ ሞቅ ሲል የጎረቤታችን ንቦች ቀፏቸውን ትተው ግቢያችንን ሞሉት። እኛ ቤት ዘግተን ተቀመጥን፤ ባለንቡ ደግሞ ከአጥር ውጭ ቆሞ ንቦቼን አማለላችሁብኝ እያለ ይራገማል። እናቴ ያን ሁሉ ሰም ለብ ባለ ውኃ አጥባ እንደገና ቀባች፤ በዚህኛው ጊዜ ስስ አድርጋ፣ ጨርቁ ጢስ ጢስ እስኪል እያሸች። ካልሳቅን ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር፤ ያን ሰሞን ሳቅን።

ከሰሙ በላይ ልብስ ያስፈልጋት ነበር። እናቴ ቀርቀሃ አስቆርጣ ከመኪናዋ ከፍ ያለ ዳስ አሠራች፤ ሸራው በዳሱ ላይ እንዲያርፍ እንጂ እሷን እንዳይነካት። ገላዋ ላይ የሚውለው ግን ጥጥ መሆን አለበት አለች። እሷን የሚያህል ጥጥ ቤታችን ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ እኔና እናቴ አብረን የምንተኛበት ትልቁ ቡልኮ። የእንጅባራን የሐምሌ ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ያን ክረምት መኪናዋ ሞቋት ታድራለች፣ እኔና እናቴ በስስ ነጠላ ተቃቅፈን እንንቀጠቀጣለን። ያቺን መኪና ያኔ ጠላኋት፤ ይህን ለማለት አላፍርም። በረዶ ሲጥል እናቴ ሰማዩን በአገውኛ እየተቆጣች ወደ ዳሱ ትሮጣለች። መኪናዋን ግን የምታነጋግራት በአማርኛ ነበር። ለምን ስላት፣ ከከተማ የመጣች ናት አለችኝ።

አንድ ጊዜ የቀበሌው ሊቀ መንበር መጣ። ሰፈራችን ውስጥ ያደገ ስለነበር እናቴን እማማ ይላታል፣ አንቱ ይላታል፤ ግን የመጣው ለልመና አልነበረም። የመኪናዋ ቀለም አብዮታዊ ነው፣ ስለዚህ ለአብዮት በዓል መፈክር ተለጥፎባት ከሰልፉ ፊት ትሄዳለች አለ። በዚያ ዘመን ለእንደዚህ ያለ ሰው እምቢ ማለት ቀልድ አልነበረም። እኔ የእናቴን ቀሚስ ከኋላ ያዝኩ። እሷ መፈክሩ በምን እንደሚለጠፍ ጠየቀችው። በሙጫ አላት።

«ሙጫው ሲላጥ ቀለሟን ይዞ ይነሳል» አለች። «ይልቅ እኔ ጀርባ ላይ ለጥፉትና እኔ ልውጣ።»

ሊቀ መንበሩ ፊቱን አከበደ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቁ አመለጠው። እናቴ በበዓሉ ቀን ማንበብ የማትችለውን መፈክር ተሸክማ፣ ዝናብ እየወረደባት ከሰልፉ ፊት ሄደች። ቤት ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ቡልኮው ውኃ ነክቶት እንደሆነ ነው።

እንዲህ ስንል ከረምን። አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆሙ፤ መካከላቸው ከጋሼ ጋር የዘመተ የዳንግላ ሾፌር ነበረ። ይህን ያህል ሽማግሌ በማለዳ ለምን ሰው ቤት እንደሚመጣ በአገራችን ሕፃን እንኳ አይጠፋውም። ይነዳው የነበረው መኪና ፈንጂ ረግጦ ነው አሉ፤ እዚያው ቀብረውታል። እናቴ እሺ ብላ ተቀመጠች። ለቅሶ የደረሱት ሴቶች ደረታቸውን ሲመቱ እሷ እንደ እንግዳ ታያቸዋለች። ከጩኸት ይልቅ ያ ደረቅ ዓይኗ አስፈራኝ።

በእኛ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖና ተሸልሞ በለቅሶው መሃል ይዞራል። ጋሼ ፈረስ አልነበረውም። ሬሳ የለ፣ ፈረስ የለ፤ ለቀስተኛው የሚያየው ነገር አጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሱ ፈረስ ያቺ ናት ብሎ ወደ ዳሱ አመለከተ። ወንዶቹ ሄደው ቡልኮውን ገፈፉት። መኪናዋ ከአዲስ አበባ የገባች ዕለት እንደነበረችው ነበረች፤ አንድ ጭረት የለባት። ጋሼ ያንን ሳያይ ቀረ ብዬ አለቀስኩ።

ጎማዎቿ ተንፍሰዋል፣ ባትሪዋ ሞቷል፤ ወደ ለቅሶው ለማውጣት መግፋት ግድ ሆነ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር የሁሉም እጅ ጭቃ ነው። የመጀመሪያው ሰው መዳፉን ቀለሙ ላይ ሲያሳርፍ እናቴ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ ሮጠች።

«በእጅህ አትንካት» አለችው። «ቆይ፣ ጨርቅ ላምጣ። ይጭራታል፤ ልጄ ሲመጣ ምን...»

አልጨረሰችውም። ሰውየው እጁን አንስቶ ቆመ። እናቴ መኪናዋን አየቻት።

«ግፏት» አለች። «ለማን ብዬ ነው?»

ማንም አልደፈረም። እሷው ቀርባ ሁለት እጇን ቀለሙ ላይ አሳርፋ፣ እያለቀሰች መግፋት ጀመረች።