በስሊፑ ጀርባ የጻፍኩት

በሚዛን ተፈሪ አንድ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ኃላፊው አቶ ደምሴ ማህተሙንና የቀለሙን ሳጥን አስረክበው ከመስኮቱ ኋላ አስቀመጡኝ። ሥራውን ለማስተማር ብዙ አልደከሙም። "የአማካሪ ፊርማ ካለ ምቺ፤ ከሌለ መልሺ" አሉኝ። በዚያች መስኮት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጥኩ።

የምዝገባ ስሊፕ በሦስት ኮፒ ይሞላል፦ ለተማሪው፣ ለትምህርት ክፍሉና ለእኛ። ተማሪው የሴሚስተሩን ኮርሶች ይጽፍበታል፤ አማካሪው የቀድሞ ውጤቱን አይቶ ይፈርምበታል። ደንቡ ይህ ነው።

የማኔጅመንት ትምህርት ክፍል ኃላፊ ግን ባዶ ስሊፕ ላይ ፈርሞ እሽጉን ለክፍሉ የተማሪዎች ተወካይ ይሰጥ ነበር። ተወካዩ የራሱን ይሞላል፤ የቀሩት ካፌው በረንዳ ላይ ተሰብስበው ከእሱ ይገለብጣሉ። አንድ ጊዜ ተወካዩ የኮርስ ቁጥር ተሳስቶ ክፍሉ በሙሉ አብሮት ተሳስቷል። የኃላፊውን ስም አልጠራም። ራሱን ያውቃል።

ዝናሽ የምትባል ከማሻ የመጣች የማኔጅመንት ተማሪ ነበረች። ደጋ ያደገች ናትና ሁለተኛ ዓመት ላይ ወባ ጣላት፤ አንድ ወር ተኛች። ስታቲስቲክስን ድሮፕ አድርጋ ሌሎቹን እንደምንም አለፈች። ስታቲስቲክስ በዓመት አንዴ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ብቻ ነው የሚሰጠው። እሱን ያላለፈ፣ በአራተኛ ዓመት መጀመሪያ የሚሰጠውን የምርምር ዘዴ አይወስድም። የምርምር ዘዴን ያልወሰደ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ አይጽፍም።

በሦስተኛ ዓመት መጀመሪያ ስሊፗን ይዛ መስኮቴ ላይ ቆመች። እንደ ሌሎቹ ከተወካዩ የገለበጠችው ነው፤ ስታቲስቲክስ የለበትም። ፋይሏን አውጥቼ አመሳከርኩ። ጠብቂኝ ብያት ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ሄድኩ።

ከሁለት መምህራን ጋር ሻይ ይጠጣ ነበር። ልጅቷ ስታቲስቲክስ ይህን ዓመት ካለፋት ከጓደኞቿ ጋር እንደማትመረቅ ነገርኩት።

"እትዬ ጥሩወርቅ፣ አንቺ ማህተምሽን ምቺ" አለኝ። "ዲግሪ የሚያቅደው ዲግሪ ያለው ነው።"

መምህራኑ ሳቁ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ አንቺ ነው ያለኝ።

ተመለስኩ። የእኛን ኮፒ ገልብጬ በጀርባው፣ ስታቲስቲክስ እንደቀራት ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መንገሬንና እሱም ምቺ ማለቱን ጻፍኩ፤ ቀኑንም አሰፈርኩ። ከዚያ መታሁ።

"ጨረስኩ፣ እትዬ?" አለችኝ ዝናሽ።

"ጨርሰሻል" አልኳት።

በዓመቱ የዕጩ ተመራቂዎች ፋይል ሲጣራ ጉድለቱ ወጣ። ስብሰባ ተጠራ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጥፋቱ የሬጅስትራር ነው፣ መስኮት ላይ ያለችው ሴትዮ ሳታይ ነው የምትመታው አለ። አቶ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። የእኛን ኮፒ በጀርባው ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሁለት ጊዜ አገላብጦ አነበበው። "ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?" አለ።

"የማህተም መቺዋ" አልኩት።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። በባዶ ስሊፕ መፈረምም ቀረ። ያን ቀን ምሳዬን ደስ ብሎኝ በላሁ።

ዝናሽ ግን ያን ዓመት ስታቲስቲክስ ወሰደች፤ የምርምር ዘዴና የመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ቀጣዩ ዓመት ተሻገሩባት። ማሻ ያሉ ዘመዶቿ ለምርቃቷ መኪና ተነጋግረው ነበር፤ ቀረ። ጓደኞቿ ጋውን ለብሰው ተመረቁ፣ እሷ በመስከረም ከማታውቃቸው ልጆች ጋር ለምዝገባ ተሰለፈች።

ከዓመት በኋላ ዲግሪዋን ልትወስድ መጣች። ስለ ወረቀቱ ሰምታ ኖሮ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። በኩራት አውጥቼ ሰጠኋት። ቀስ ብላ አነበበችው።

"ይሄን ሲጽፉ እኔ ፊትዎ ቆሜ ነበር" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። ዲግሪዋን አስፈርሜ ሰጠኋት፤ አመስግናኝ ሄደች።

ስለ ኃላፊው ዛሬም ያልኩትን አልመልስም። ግን መስኮቱን ለተረከባችሁኝ ይህን አስረክባለሁ። ኮርስ የሚመረጠው ከመመረቂያው ጽሑፍ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው፤ ከጓደኛ አይገለበጥም። የጎደለ ኮርስ ካያችሁ መጀመሪያ መስኮቱ ላይ ለቆመው ተማሪ ንገሩት። ከዚያ በጀርባው ጻፉ።